ዓይን በአንድ ጆንያ ማሽላ

የሰው ዓይን ጥቁር ወይም ቡናማ መሆኑን ዘመድ ወዳጅ አይቶ ይለየዋል፤ በብሌኑ ዙሪያ የተሸመነውን ረቂቅ የክር መረብ ግን ዘመድ ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ አስተውሎት አያውቅም። መረቡ ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ የሚሸመን ነው። መንትዮችን እንኳ ይለያል፤ የአንዱን ሰው ቀኝ ዓይን ከግራው ይለያል፤ ከልጅነት እስከ እርጅናም እምብዛም አይለወጥም። የዘመኑ መታወቂያ ሠሪዎች ዓይን ዓይን የሚሉት ስለዚህ ነው።

ይህን መረብ ለማንበብ ዛሬ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ተሰልፏል። አንደኛው ራስ ላይ የሚጠለቅ መነጽር ነው። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው የተቀመጠበትን ክፍል እያየ፣ በዚያው ክፍል መካከል በኮምፒዩተር የተሠራ ዕቃ ወይም ሰው ቆሞ ያያል፤ ድረ-ገጹም እንደ ጋዜጣ የሚነበብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቤት የሚገባበት ይሆናል። ሁለተኛው መሣሪያ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ በመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ነው። በመጀመሪያው የሚጠቀመው ሰው በፌብሩዋሪ 2024 ገበያ ላይ ሲውል 3,499 ዶላር የተተመነውን የአፕል ኩባንያ ቪዥን ፕሮ መነጽር ለመግዛት አቅም ያለው ነው። በሁለተኛው ፊት የሚቀርበው ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ ባዶ እጁን የመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሁለቱም ዓይን የሰው ዓይን ነው። የሚደረግለት ጥበቃ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቋል፤ ይህም መራራቅ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሮ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ የባለ መነጽሩን ጉዳይ መመልከት ይበጃል። ይህ ሰው ዓይኑን ለመሣሪያው ባሳየ ጊዜ የዓይኑ አሻራ ከመሣሪያው እንደማይወጣ፣ ለኩባንያውም ሆነ ለሌላ ለማንም እንደማይላክ አምራቹ በጽሑፍ ቃል ገብቶለታል። በመነጽሩ ድረ-ገጽ ሲከፍት፣ ዓይኑ ወዴት ወዴት እንደሚያማትር ገጹ እንዲያውቅ አይፈቀድለትም። ሁለት ጣቱን አጋጥሞ «ይህን መረጥኩ» ባለባት ቅጽበት ብቻ ምርጫው ለገጹ ይነገረዋል። የድረ-ገጾችን የቴክኒክ ደንብ የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተባለው ማኅበርም በ2018 ለዚሁ ጉዳይ የተለየ የሥራ ቡድን አቋቁሟል። በዚህ ቡድን ደንብ መሠረት አንድ ገጽ ተጠቃሚው ሳይፈቅድ መነጽሩን ሊቆጣጠር አይችልም። የተሠራውን ሥዕል ከእውነተኛው ክፍል ጋር የሚያዋህደው ማሰሻው እንጂ ገጹ ስላልሆነ፣ ገጹ የሰውየውን ሳሎን በካሜራ አይመለከትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምንም ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በ2020 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መነጽር ካጠለቁ 511 ሰዎች የተሰበሰበ የእንቅስቃሴ መረጃ መረመሩ። ከእያንዳንዱ ሰው አምስት ደቂቃ የማይሞላ መረጃ ብቻ በቅቷቸው፣ ማን ማን እንደሆነ 95 ከመቶ በትክክል ለዩ። በ2023 ደግሞ የበርክሌይ ባልደረቦች በአንድ የታወቀ የመነጽር ጨዋታ ከ50,000 በላይ ተጫዋቾችን ወስደው፣ በ100 ሴኮንድ እንቅስቃሴ ብቻ አንዱን ከሌላው 94 ከመቶ በሆነ ትክክለኛነት ለይተዋል። ስም አልተጠየቀም፤ ፊት አልታየም። አንገት የሚዞርበትና እጅ የሚወናጨፍበት መንገድ ብቻ ሰውየውን አሳብቆበታል። በ2024 ደግሞ በቪዥን ፕሮ የሚነጋገር ሰው ለሌላው በሚታየው ምስሉ ላይ የዓይኑን እንቅስቃሴ በመከታተል ምን እየተየበ እንደሆነ መገመት እንደሚቻል ተመራማሪዎች አሳዩ፤ አፕልም ቀዳዳውን ለመድፈን ተገደደ። እንግዲህ ባለጸጋው ዓለም ስለ ዓይኑ እንዲህ ተጨንቆ ይመራመራል፤ ቀዳዳ ሲገኝ ይደፈናል፤ ደንብ ይወጣል። ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ነገሩ ወደ ገዳሪፍ ሲመጣ ግን መልኩ ይለወጣል። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ከፊሉ በከሰላ ግዛት በሐምዳይት፣ ከፊሉ በገዳሪፍ ግዛት በሉግዲ በኩል ገባ። ከዚያም ብዙው ወደ ኡም ራኩባና በጃንዋሪ 2021 ወደተከፈተው ወደ ቱናይድባህ ተጓጓዘ። በ2021 ክረምት ደግሞ ከጎንደር በኩል የቅማንት ተወላጆች ተከተሉ። የመጀመሪያው ምዝገባ በቤተሰብ ነበር፤ የአባወራው ወይም የእማወራዋ ስም፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ የተነሡበት ቦታ። የግለሰቡ የአካል ምዝገባ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ2015 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች የዘረጋው ሥርዓት የዐሥሩን ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች አሻራና የፊት ፎቶግራፍ የሚወስድ ሲሆን፣ መረጃው ጄኔቫ ከሚገኝ ማዕከላዊ ቋት ጋር የተያያዘ ነው።

አንባቢ ልብ ይሏል። የባለ መነጽሩ ዓይን አሻራ ከግንባሩ ላይ ካለው መሣሪያ አይወጣም። የስደተኛው ዓይን አሻራ ግን እሱ ከመጠለያው ያለ ይለፍ ወረቀት መውጣት በማይችልበት ሰዓት ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል የሚለውም ጥያቄ አለ። ኮሚሽኑ በ2015 ባወጣው የመረጃ ጥበቃ ፖሊሲ፣ የስደተኛው የግል ፋይል ጉዳዩ ቢዘጋም ባይዘጋም በቋሚነት የሚቀመጥ መዝገብ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ የልጅ ልጅ ቢያይም ፋይሉ ስደተኛ እንደሆነ ይኖራል ማለት ነው።

«ፈቅዶ ነው የሰጠው» የሚል መልስ ይሰማል። ለመሆኑ ፈቃድ ምንድን ነው? አንዲት እናት ከጠረጴዛው ፊት ቆማለች። በስተኋላዋ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ከፊት ለፊቷ የማሽላ ጆንያና የዘይት ጣሳ የሚያስገኘው ካርድ አለ፤ በጀርባዋ ልጅ አለ። «ዓይንሽን ወደዚህ» ስትባል «አይ» ማለት እንደምትችል የነገራት አለን? ብትል ምን ይሆናል? አበው የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ዱቄቱ ወደ ነፋስ መጠጋቱን አይቶ «ፈቅዶ ነው» የሚል ሰው፣ ወይ ችግርን አያውቅም፣ ወይ ማወቅ አይፈልግም። ፖሊሲው ራሱ ተመዝጋቢው መረጃው ለምን እንደሚወሰድና ለማን እንደሚተላለፍ እንዲነገረው፣ ማየትና ማሳረም፣ መቃወምም እንደሚችል ይደነግጋል። ወረቀቱ መልካም ነው። ጥያቄው ይህ መብት በኡም ራኩባ ሰልፍ ላይ በትግርኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛ፣ ሰው በሚገባው ቃል ይነገራል ወይ የሚለው ነው። በሰልፍ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ መልሱን በየልቡ ይይዘዋል።

በድህነት ላይ የቆመ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ፤ እሱም ከሱዳን ሩቅ አይደለም። ወርልድኮይን የተባለው ድርጅት ክብ ኳስ የመሰለ መሣሪያ እያዞረ፣ የዓይን አሻራውን ለሚሰጥ ሰው ዲጂታል ገንዘብ ይሰጥ ነበር። በ2022 የወጣ አንድ የታወቀ የምርመራ ዘገባ ድርጅቱ ሙከራውን ካካሄደባቸው አገሮች መካከል ሱዳንና ኬንያን ይጠቅሳል። በናይሮቢ ሕዝቡ በሺዎች ሆኖ ተሰልፎ ዓይኑን ሲሰጥ ታየ። መንግሥት በኦገስት 2023 ሥራውን አገደ፤ በሜይ 2025 ደግሞ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰበሰበው መረጃ እንዲሰረዝ አዘዘ። ኬንያዊው ዳኛ አገኘ። ስደተኛውስ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በ1946 በወጣው የመብቶችና ያለመከሰስ ስምምነት የተጠበቁ ስለሆኑ፣ የኡም ራኩባ ነዋሪ ስለ ዓይኑ በገዳሪፍ ፍርድ ቤትም ሆነ በሌላ ሊከስስ አይችልም። አቤት ቢል አቤቱታውን የሚሰማው መረጃውን የወሰደው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሥጋት ለሚመስለው ሰው፣ ኡም ራኩባ ራሱ ታሪክ አለው። ቦታው በ2020 አልተፈጠረም። በ1984 ረኃብና ጦርነት ሕዝቡን ወደ ምዕራብ ሲነዳው ኡም ራኩባና በገዳሪፍ አጠገብ ያለው ተዋዋ በኢትዮጵያውያን ተሞልተው ነበር። ከመካከላቸውም ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በመንገድና በመጠለያው ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎቻቸው እንደሞቱ ይገመታል። በሕይወት የተረፉት ማንነታቸውን ከጎረቤትም ከባለሥልጣንም ሰውረው ኖሩ። እሳት የማይነድበትን ቀን፣ የሚበሉትንና የማይበሉትን፣ ጸሎታቸውን ሁሉ ይደብቁ ነበር። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ድረስ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ እየተወሰዱ፣ በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል በረሩ። ወደ 8,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ መንገድ ወጣ። ጉዞው የተቋረጠው በሌላ ነገር ሳይሆን ወሬው ስለወጣ ነው። ምስጢሩ ሲገለጥ በሱዳን መንግሥት ላይ ተጽዕኖ በረታ፤ በረራው ቆመ፤ ያልሄዱት ቀሩ። በማርች 1985 ወደ 500 የሚሆኑት በገዳሪፍ አቅራቢያ ካለ ማኮብኮቢያ በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ክርክር ከሁሉ ይበልጣል። በአፕሪል 1985 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከሥልጣን ወረዱ። በዚህ ጉዳይ እጃቸው ነበረበት የተባሉት ምክትላቸው ዑመር አጥ-ጠይብ ለፍርድ ቀረቡ። ትናንት ሰው ማዳኛ የነበረው ሥራ ነገ የክስ ምክንያት በሚሆንበት አገር፣ መዝገብ ምንኛ አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። እነዚያ ሰዎች በ1984 በዓይን አሻራ ተመዝግበው፣ ከስማቸው ጎን ሃይማኖታቸው ተጽፎ፣ መዝገቡም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የጋራ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በወጣ ነበር? ስም ይለወጣል፤ መንደር ይለወጣል፤ ሰው «እኔ እሱ አይደለሁም» ብሎ ሊድን ይችላል። ዓይን ግን አይክድም።

ሱዳን ከዚያ ወዲህም በ1989፣ በ2019 እና በ2021 የሥልጣን ለውጥ አይታለች፤ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ደግሞ የጦር ሠራዊቱና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ተዋግተው አገሪቱ ለሁለት ተሰነጠቀች። የስደተኛ መዝገብ ላይ ከከፍተኛ ኮሚሽኑ ጋር አብሮ የሚቀመጠው የሱዳን መሥሪያ ቤት በእነዚህ መንግሥታት ሁሉ ሥር አልፏል። ዛሬ ቅን የሆነ መዝጋቢ በተቀመጠበት ወንበር ነገ ማን እንደሚቀመጥ ዋስትና የሚሰጥ የለም። የገዳሪፍና የካርቱም ሐበሻ «ከሻ» የሚለውን ቃል ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል፤ አፈሳው ሲመጣ ሻይ ሻጯም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በአንድ መኪና ይጫናል። በሜይ 2016 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ከሱዳን ወደ ሸሹት አገር እንዲመለሱ ሲደረግ ከመካከላቸው በስደተኝነት የተመዘገቡ እንደነበሩ ሂዩማን ራይትስ ዎች ገልጿል። ካርዱ ሁልጊዜ አያስጥልም ማለት ነው።

መዝገብ ከተሰበሰበበት ዓላማ ወጥቶ ሲሄድ በሌላውም አገር ታይቷል። በጁን 2021 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው መግለጫ፣ በባንግላዴሽ የተመዘገቡ ቢያንስ 830,000 የሮሂንጋ ስደተኞች መረጃ ለባንግላዴሽ መንግሥት መተላለፉን፣ ከዚያም የስም ዝርዝሩ ለሸሹት ለምያንማር መንግሥት መድረሱን አስታወቀ። ብዙዎቹ ስለዚህ የሚያውቁት ነገር እንዳልነበረ ተናገሩ። በኦገስት 2021 በአፍጋኒስታን የአሜሪካ ጦር የዓይንና የጣት አሻራ ያነብባቸው የነበሩ መሣሪያዎች በታሊባን እጅ ወደቁ። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ የተጎዱ ሰዎች መረጃ በሰርቨር ሰባሪዎች መወሰዱን አመነ። ቀይ መስቀል ለዝና የማይጠራጠሩት ድርጅት ነው። እሱን ያገኘው ሌላውን የማያገኝበት ምክንያት የለም።

ለድንበር ነዋሪ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው የጋሪሳው ታሪክ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ድርቅ በጸናባቸው ዓመታት፣ ኬንያውያን ሶማሌዎች ከዳዳብ መጠለያ ቀለብ ለማግኘት ሲሉ «ስደተኞች ነን» ብለው ተመዘገቡ፤ ልጆቻቸውንም አስመዘገቡ። አሻራቸው ተወሰደ። ልጆቹ አድገው የዜግነት መታወቂያ ለማውጣት ጣታቸውን ሲያስቀምጡ ግን መሣሪያው «ስደተኛ ነህ» አላቸው። በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተወለዱበት አገር ያለ መታወቂያ ቀሩ፤ ያለ መታወቂያም ሥራ የለም፣ ባንክ የለም፣ ድምፅ መስጠት የለም። በአንድ የረኃብ ክረምት የተበላ ቀለብ የዕድሜ ልክ ዕዳ ሆነ።

አሁን ይህን ወደ መተማና ገላባት ማምጣት ነው። በየዓመቱ በሰሊጥና በማሽላ አረም ጊዜ ከአማራ ክልል ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ያው ሰው በአንድ ወቅት ሠራተኛ፣ በሌላ ወቅት ተፈናቃይ፣ ጦርነት ሲመጣ ስደተኛ ይሆናል። ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ይጠብቀዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያም የዐሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አሻራና ፎቶግራፍ ይወስዳል። በኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ስደተኞችም ከ2024 ጀምሮ የፋይዳ ቁጥር መውሰድ ጀምረዋል። የአንድ ሰው አንድ ዓይን በገዳሪፍ «ስደተኛ» ተብሎ፣ በጎንደር «ዜጋ» ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱ መዝገቦች አንድ ቀን ቢነጋገሩ የሚፈጠረውን ጋሪሳ አስቀድሞ ነግሮናል የሚባለው ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን ማውጣቷ ደግ ነው፤ ነገር ግን አዋጁ የተባበሩት መንግሥታትን ቋትም ሆነ የሱዳንን መሥሪያ ቤት አያዝዝም።

የአሻራ ምዝገባ ደጋፊዎች ሁለት ክርክር አላቸው፤ አንዱ ደካማ ነው፣ አንዱ ብርቱ ነው።

ደካማው የማጭበርበር ክርክር ነው። «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ራሽን ይሸጣል» ይላሉ። ሁለት ጊዜ የተሰለፈች እናት እንደምትኖር አይካድም። የእርዳታው ትልቅ ሌብነት ግን በሰልፉ መጨረሻ ሳይሆን በመጋዘኑ በኩል እንደሚሄድ የታወቀ ነው። በ2018 በኡጋንዳ በአሻራ በተደረገ ማጣራት 1.4 ሚሊዮን ይባል የነበረው የስደተኛ ቁጥር ወደ 1.1 ሚሊዮን ወረደ፤ በቁጥሩ መጋነን ተጠርጥረው ከሥራ የታገዱት ግን ስደተኞች ሳይሆኑ ባለሥልጣናት ነበሩ። በጁን 2023 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ስንዴው በተደራጀ መንገድ እየተዘረፈ ነው ብለው ለመላ ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ እርዳታ አቆሙ። ለስደተኞች እንደገና የጀመረው በኦክቶበር ነው። በእነዚያ ወራት የተራበው ጆንያውን በጭነት መኪና ያዞረው ሰው አልነበረም። ሌባው በመኪና ሄዶ ሳለ የጠያቂዋን ዓይን መመርመር ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? መጋዘን ጠባቂው፣ ሹፌሩ፣ አከፋፋዩና ፈራሚው ዓይናቸውን ለጄኔቫ እንዲሰጡ የጠየቀ እስካሁን አልተሰማም።

ብርቱው ክርክር የጠፋ ወረቀት ነው። ጦርነት ወረቀት ይበላል። በኤፕሪል 2023 ከካርቱም ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ የሸሸው ሰው ብዙውን ጊዜ በለበሰው ልብስ ነው የወጣው። የምዕራባውያን ኤምባሲዎች በችኮላ ሲዘጉ፣ ለቪዛ የገቡ የብዙ ሱዳናውያን ፓስፖርቶች ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀሩ፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ደግሞ በሌላ እጅ እንዳይወድቁ ብሎ እንደፈጫቸው አመነ። እንዲህ ባለ ቀን ጣቱን አስቀምጦ «እገሌ ነኝ» ማለት የቻለ ስደተኛ ፋይሉን አግኝቷል፤ ከቤተሰቡ የተለየ ልጅም ሊገናኝ ይችላል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ የሚክደው ካለ ስደትን አልቀመሰም። ይሁንና ያው የኤምባሲው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። አሜሪካውያኑ ወረቀቱን የፈጩት የሰው ስም በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ነበር። ወረቀት ስለሆነ ተፈጨ። ጄኔቫና ካርቱም ያለውን የዓይን አሻራ ማን ይፈጨዋል?

መነጽሩና መጠለያው የሚገናኙበትም ቦታ አለ። በ2015 የተባበሩት መንግሥታት በዮርዳኖስ የዛታሪ መጠለያ የምትኖር የ12 ዓመት ሶርያዊት ልጅን ሕይወት የሚያሳይ «ክላውድስ ኦቨር ሲድራ» የተባለ ፊልም አሠራ፤ ፊልሙ በመነጽር የሚታይ ሲሆን በዚያው ዓመት በዳቮስ ለተሰበሰቡ ባለጸጎችና መሪዎች ቀረበ። ተመልካቹ አንገቱን ወደ ዞረበት ሁሉ መጠለያውን ያያል፤ በመካከሉ የቆመ ይመስለዋል። ዓላማው ርኅራኄን መቀስቀስ ነበርና በዚያ አይወቀስም። ነገር ግን በዙሪያው ሁሉ የሚቀርጸው ካሜራ ጀርባ የለውም። የቀድሞው ፎቶ አንሺ ካሜራውን ሲያነሣ ያልፈለገ ሰው ወደ ኋላው ያልፍ ነበር፤ እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር። ይህኛው ግን በመንገድ የሚያልፈውን፣ ውኃ ቀጂዋን፣ ከድንኳን በር ላይ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሁሉ ያለ ልዩነት ይወስዳል። በእንዲህ ያለ ፊልም ተመልካቹ ፈቃዱ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል፤ መነጽሩ ይጠይቀዋል፣ ማሰሻው ይጠይቀዋል፣ ገጹ ይጠይቀዋል። የሚታየው ሰው ግን አንድ ጊዜም ላይጠየቅ ይችላል። የምሥራቅ ሱዳን ስደተኛ ፊቱ ከትውልድ መንደሩ የሚፈልጉት ሰዎች እንዳያዩት የሚሻበት ምክንያት አለው። በዳቮስ ያለ ሰው እንዲያለቅስ ተብሎ ያ ምክንያት ሊሻር አይገባም።

ሌላ መንገድ የለም የሚባለው ሐሰት ነው። ቀይ መስቀል በ2019 ባወጣው የአካል መለያዎች ፖሊሲ፣ ለእርዳታ ማደያ የሚያስፈልገው አሻራ ከተገቢው በላይ በማዕከል እንዳይከማች፣ ባለ ጉዳዩ በእጁ በሚይዘው ካርድ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ መንገድ ከፍቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰውየው ካርዱንና ጣቱን ያቀርባል፣ መሣሪያው ሁለቱን ያነጻጽራል፣ «ነው» ወይም «አይደለም» ይላል፣ ሌላ ምንም አይጻፍም። ይህ ቪዥን ፕሮ ለባለቤቱ ከሚያደርገው ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ ዓይኑ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ለባለ 3,499 ዶላሩ የተቻለ ነገር ለባለ ጆንያው አልተቻለም ከተባለ፣ ምክንያቱ የቴክኒክ አይደለም። የጠፋ ካርድ ፋይል እንዳያጠፋ ለሚሰጋውም መፍትሔ አለ፤ ፈልጎ፣ ተነግሮት፣ ራሽኑ ሳይነካበት በማዕከል እንዲቀመጥለት የሚጠይቅ ሰው ይቀመጥለት። ያልፈለገ አይገደድ። ከአሻራው ጎን ሃይማኖቱ፣ ብሔረሰቡና የፖለቲካ ታሪኩ እንዳይጻፍ፣ ከተጻፈም ለሱዳን መሥሪያ ቤት እንዳይተላለፍ ይደረግ። የጊዜ ገደብም ይበጅለት፤ ተመልሶ አገሩ የገባ ሰው ፋይሉ እንዲጠፋ ሲጠይቅ በጽሑፍ መልስ ያግኝ። አቤቱታውን የሚሰማውም መረጃውን የወሰደው ያልሆነ፣ ከገዳሪፍ በስልክ የሚደረስበት ገለልተኛ አካል ይሁን። በመጠለያ ውስጥ የሚቀረጽ የመነጽር ፊልምም ከድረ-ገጽ ላይ ከመውጣቱ በፊት በምስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው መነጽሩን አጥልቀው ይዩት፤ ያልተስማማው ፊቱ ይደፈን።

ይህን ሲሰሙ «ወጪው» የሚሉ አሉ። የካርዱ ዋጋ በዓይን ማንበቢያው፣ በሰርቨሩና በኔትወርኩ ከሚወጣው ጋር ተነጻጽሮ ለተመዝጋቢዎቹ በግልጽ ይቅረብላቸው፤ የሚከፍሉት በዓይናቸው ነውና ሒሳቡን ማየት ይገባቸዋል። በካርድ የተመዘገበ ሰው ካርዱ ውስጥ ያለውን ይዞ ይሄዳል፤ ጦርነቱ አብቅቶ በሐምዳይት በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከፈለገ ቤቱ ያስቀምጠዋል፣ ካልፈለገም ሰቲትን ሲሻገር ከወንዙ ይጥለዋል።